የግራ እጅ ቢላ

ኦገስት ሃያ ስድስት ቀን ጠዋት በአንጥረኛው በኡይባን መደርደሪያ ላይ የነበረው ይህ ነው፤ ከጭነት መኪና ባሌስትራ የተቆረጠ አንድ ስንዝር ብረት፣ ለእጀታ የሚሆን ሦስት ዓመት ጥላ ውስጥ የደረቀ የበርች ዛፍ እባጭ፣ በጨው የታሸ የበሬ ጅራት ቆዳ፣ ግማሹ ያለቀ የተልባ ዘይት። ቢላ ገና የለም። ያዘዘው ባሂላይ ነው፤ የቀድሞው ቢላው ከጀልባ ወድቆ ሌና ወንዝ ውስጥ ቀርቶበታል። መረከቢያው ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ተባለ። በማግስቱ አዳኞቹ ጫካ ይገባሉ።

ባሂላይ ወደ መንደራችን በጋብቻ ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የአዳኞቹ አለቃ ጆጎር ከስድስት ሰው በላይ አይወስድም። የባሂላይ ድርሻ ቆዳ መግፈፍ ነበር፤ ቦታው እስኪለቀቅ የሚጠብቅ የጆጎር የአጎት ልጅ ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ያልሄደ ሥጋ አይደርሰውም፤ ባሂላይ ደግሞ በረዷማውን ክረምት የሚመግባቸው ሦስት ልጆች አሉት።

ከኦገስት ሃያ ስድስት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የጀልባውን ሞተር ሲያስነሳ ገመዱ መልሶ መታውና የቀኝ እጁ አውራ ጣት ተሰበረ። የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያው በእኔ እጅ ስለሆነ የመድኃኒቱ ሣጥንም ያለው እኔ ዘንድ ነው። ጣቱን በሁለት ቁራጭ እርሳስ ደግፌ አሰርሁለት። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ሁሉን በግራው ይሠራ ጀመር።

ኡይባን ባለቤቱን ሳያጠና ቢላ አይሠራም። ሥጋ እንዴት እንደሚቆርጥ፣ ጽዋ እንዴት እንደሚይዝ ያያል እንጂ አይጠይቅም። እኛ ዘንድ ለአደን የተነሳን ሰው ስለ እጁ፣ ስለ ዓይኑ ወይም ስለ መንገዱ መጠየቅ ነውር ነው፤ ጫካው ይሰማል። ስለዚህ ኡይባን ባሂላይን ሦስት ጊዜ ዓሣ ጋበዘውና ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አየው።

በሦስተኛው ቀን እንግዳው እንደወጣ ሚስቱ ማፓ፣ “ይሄ ልጅ ግራኝ ነበር እንዴ?” አለች።

“ዝም በይ። የአዳኝ እጅ አይጠየቅም።”

“እሱን መቼ ጠየቅሁት? አንተን ነው እንጂ።”

ኡይባን አስቦ ደረሰበት። ልጁ ግራኝ ነው፤ ትምህርት ቤት በግድ ቀኝ አስለምደውታል፤ አሁን ግን በቃኝ ብሏል። ቀኝ እጁን የሚደብቀው በዚያ ተናዶ ነው። ይህን ለእኔ ሲያስረዳኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ምያለሁ፤ ስለ ሙቀትና ስለ ንፋስ አወራሁት።

የእኛ ቢላ ሁለት ፊቱ አይመሳሰልም። በቀኝ ለሚሠራ ሰው ቀኝ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ግራው ያበጠ ነው። ኡይባን ይህን ገለበጠው። ብረቱ እንደጋለ ጉድጓዱን በግራ ፊት ቀጠቀጠ፤ ርዝመቱን አሥራ አራት ሳንቲሜትር አደረገ፤ እጀታውን በተልባ ዘይት ቀቀለ። ለአፎቱ ሁለት ስስ እንጨት ፈለፈለና ገጠመ፤ የራሰውን የጅራት ቆዳ እንደ ካልሲ ሳብ አድርጎ አለበሰው። ቆዳው ሲደርቅ ያለ ስፌት ጥብቅ አለ። የእጀታው ሲሶ አፎቱ ውስጥ ይገባል። ዘቅዝቆ አርባ ጊዜ ነቀነቀው፤ ቢላው አልወደቀም። ማንጠልጠያውንም ለግራ እጅ እንዲመች አዙሮ አሰረው።

በመረከቢያው ቀን ጆጎርም መጥቶ ነበር። ባሂላይ ቢላውን መዘዘና ጉድጓዱን አየ። ፊቱ አመድ ሆነ። ተሳስተዋል እንዳይል ቀኝ እጁን አውጥቶ ሊያሳይ ነው፤ ካሳየ ደግሞ ቦታው ሄደ።

“ኡባይ፣” አለ በመጨረሻ፤ ለታላቅ ወንድም እንደሚባለው፤ “እንዴት አወቁ?”

“አየሁ፣” አለ ኡይባን።

ጆጎር ቢላውን ተቀብሎ አገላበጠው። “ሁለት ዓመት አብረኸን በላህ፣ ግራኝነትህን ግን ደበቅኸን። የምናባርርህ መስሎህ ነው?”

“አፍሬ ነው፣” አለ ባሂላይ። ከተናገረው ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይህ ነበር።

በአደኑ በአራተኛው ቀን አንድ ትልቅ አጋዘን ወደቀ። ባሂላይ ቀኝ እጁን በጓንት ሸፍኖ በአጋዘኑ ግራ ጎን ቆሞ በግራው፣ ጆጎር ወዲያ ማዶ ሆኖ በቀኙ ገፈፉ። ከዚያ በፊት ክንዶቻቸው እየተጋጩ ሲሰዳደቡ ነበር የሚውሉት። አሁን አልተነካኩም። ያለፈው ዓመት ሰማንያ ደቂቃ የፈጀው በሃምሳ አምስት አለቀ፤ ጆጎር ሰዓቱን ይዞ ነበር። ሥጋው ለስድስት ተከፈለ።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ እርሳሶቹን ፈታሁለት። ጣቱ ደህና ገጥሟል። ባሂላይ ግን መንደር ውስጥ ሻይ በግራ፣ እንጨት በግራ፣ ሰላምታ እንኳ አንዳንዴ በግራ ሆኖ ቀረ። ኡይባን ባየው ቁጥር ልጄን አስፈታሁ የሚል ፈገግታ ያሳየዋልና። ቤቱ ሲገባ ብቻ መጋረጃ ጋርዶ ዳቦውን በቀኙ ይቆርጣል። አንድ ቀን ማፓ ወንፊት ልትዋስ ስትገባ እንዲህ እያደረገ ደረሰችበት። ወንፊቱን ተቀበለችና ከበሩ ዞር ብላ፣ “እኔ ምንም አላየሁም። መጋረጃህ ግን አጭር ነው፣” አለችው።

ለባሏ አልነገረችውም። ቢነገረውም አይሰማም ነበር፤ ሥራ በዝቶበታል። የሃምሳ አምስቱ ደቂቃ ወሬ ከቤት ቤት ዞሮ ሰዉ ምሥጢሩ የግራው ቢላ ላይ እንደሆነ ወስኗል። ለማዘዝ የሚመጡት ሁሉ የኡይባንን ሻይ በግራቸው ይጠጣሉ፤ እያፈሰሱም ቢሆን።

እስከ ማርች መጨረሻ ኡይባን አሥራ አንድ ቢላ ሠራ፤ ዘጠኙ የግራ ናቸው። በመንደሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። ቤት ለቤት ዞሬ ቆጥሬያለሁ፤ ግራኞቹ ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱ አደን የሚወጣ የለም።