የደሃቦ በርሜል

በ2014 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል አውበሬ አካባቢ የመኸሩም የበልጉም ዝናብ ቀረ። ፍየል አለቀ፤ ግመል ከሳ። የውሃ ቦቴ ሲመጣ ሰው ጄሪካን ይዞ ይሰለፋል፤ ሳይመጣ ሲቀር ባዶውን ጄሪካን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

የኋላሸት ከወታደርነት ተሰናብቶ እዚያው የቀረ ብረት ቀጥቃጭ ነው። በዚያ ወራት የጉድጓድ ቆፋሪዎችን ዶማ ይሠራ ነበር። የጋለ ዶማ ውሃ ውስጥ ካልተነከረ አይጠነክርም፤ ድንጋይ ሲያገኝ ይጣመማል። ውሃ ደግሞ የለውም። ጎረቤቱ ደሃቦ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ቢርካ፣ ነበራት፤ ከታቹ ጥቂት ቀርቶታል። የተረፉት ፍየሎቿ ዙሪያውን ቆመው እያዩ አንድ በርሜል ቀድታ ሰጠችው። ግማሹን ብረቱ ጨረሰው፤ ግማሹን ልጆቹ ጠጡት።

ዝናብ ሲመለስ ገንዘብ ይዞ ሄደ።

«ብር ነው ያበደርኩህ?» አለችው።

በሌላ ቀን አንድ በርሜል ውሃ በጋሪ ጭኖ መጣ። ደሃቦ አፉ ድረስ የሞላውን ቢርካ አሳየችው።

«አንተ ወታደር፣ በጎርፍ ላይ ውሃ ልትደፋልኝ ነው? በጠማኝ ቀን ትሰጠኛለህ።»

«እንግዲያው እንዲጠማሽ ልጸልይ?»

«ሞክራትና እዚሁ ውስጥ እነክርሃለሁ።»

ነገሩ ከነከነው። ዕድሜው ገፍቷል፤ ዕዳ ይዞ መሞት አልፈለገም። ለመክፈል ደግሞ የእሷን ክፉ ቀን መጠበቅ አለበት፤ ያንን አልተመኘላትም። ደጁ ላይ ሁለት በርሜል ውሃ ሞልቶ ከደነ። በየክረምቱ ይቀይረዋል፤ ሥራ ቢቸኩልበት እንኳ አይነካውም።

በ2018 መኸሩ እንደገና ቀረ። ደሃቦ ልትጠይቀው አልመጣችም። አንድ ጠዋት ፍየሎቿ ባዶውን ገንዳ ሲልሱ አየና ሁለቱንም በርሜሎች ጋሪ ላይ ጫነ።

«ማን ነገረህ?»

«ፍየሎችሽ።»

በጣሳ ቀድታ ቀስ ብላ ጠጣች። ከዚያ የቀረውን አብረው ገንዳው ውስጥ ገለበጡት፤ ፍየሎቹ ተጋፍተው ጎነበሱ። ሁለተኛውን ሊያወርድ ሲል እጇን ክዳኑ ላይ አደረገች።

«የሰጠሁህ አንድ ነው። ይሄን ከተቀበልኩ ባለዕዳዋ እኔ ልሆን ነው።»

«ነገ ቢጠማሽስ?»

«ያን ጊዜ መጥቼ እበደርሃለሁ። የዛሬው ግን ደርሶኛል።»

የኋላሸት በርሜሉን እንደጫነ ጋሪውን ወደ ቤቱ አዞረ።