ያልመጣው ካርቶን

የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ከመደርደሪያው ሥር ለሦስተኛ ጊዜ ፈልጎ ቀና ሲል፣ መልሱ አስቀድሞ ከፊቱ ታወቀ።

«የለም፣ እማማ። በዊልዳ ስም የመጣ ካርቶን የለም።»

ዊልዳ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች። ከአሜሪካዋ ጆርጂያ ተነሥቶ ጋራ ለጋራ እስከ ሜይን የሚዘልቀውን የእግር መንገድ ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል፤ ሰባት መቶ ማይል። ከመነሣቷ በፊት፣ በበረዶው ወራት፣ ባቄላውንም ሥጋውንም ቀቅላ፣ አድርቃ፣ በአሥራ አራት ካርቶን አሽጋ፣ በየካርቶኑ የሚላክበትን ከተማ ጽፋ ለልጇ ለሮንዳ በአደራ ሰጥታ ነበር። የሮንዳ ድርሻ ቀኑ ሲደርስ አንዱን አንሥቶ ፖስታ ቤት ማድረስ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ቀርቶ አያውቅም።

የቀረበትን ምክንያት ደጅ ወጥታ አየችው። ሮንዳ መኪናዋን ተደግፋ፣ እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

«አልላክሁትም። ልወስድሽ ነው የመጣሁት፣ እማ።»

«ደህና ነሽ ወይ አይቀድምም?»

«ደህና እንዳልሆንሽማ እያየሁት ነው።»

ከአሥር ቀን በፊት ዊልዳ ወንዝ ስትሻገር አዳልጧት ወድቃ ነበር። ጉንጯ ላይ የቀረው በለዝ አሁን ወደ ቢጫ ዞሯል። አብሯት የነበረ ተጓዥ፣ ደግ የሠራ መስሎት፣ ፎቶዋን ለሮንዳ ልኮላታል። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንዳልነበራት እናት ከዓይኖቿ ሥር አነበበች። አሳዘነቻት። ማዘን ግን እሺ ማለት አይደለም።

«ስድሳ ስምንት ዓመትሽ ነው» አለች ሮንዳ። «ሰባት መቶ ማይል ለማንም ይበቃል።»

«ለማንም ይበቃ ይሆናል። እኔ ማንም አይደለሁም።»

«ስንቅ የለሽም! እዚህ ያለው አንድ ነዳጅ ማደያ ነው፤ ከረሜላና የዓሣ ማጥመጃ ትል ነው የሚሸጠው። እስከሚቀጥለው ከተማ ስምንት ቀን ምን ልትበይ?»

«ከረሜላው ሲያልቅ ትሉን።»

ሮንዳ አልሳቀችም።

ዊልዳ ሮንዳን አስከትላ የሄደችበት የተጓዦች ማደሪያ ከከተማዋ ዳር ያለ የድሮ የድርቆሽ ጎተራ ነው። በረንዳው ላይ ተጓዦች እግራቸውን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ኦዴል፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ፣ ተጓዦች ባወጡላት የመንገድ ስሟ ጠራት።

«በቅሎዬ! ዛሬ ዜሮ ቀንሽ አይደል? ጫማሽን አውልቂና ተንጋለይ እንጂ!»

ዜሮ ቀን የሚሉት አንድም እርምጃ የማይራመዱበትን ቀን ነው። ዊልዳ ይህን ቀን አሥራ አንድ ሌሊት ስታልመው ነበር፤ የግራ እግሯ አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሮ ሊነቀል ደርሷል። አሁን ግን አልጋውን ፈራችው። ልጇ አጠገብ፣ ንጹሕ አንሶላ ውስጥ አንድ ሌሊት ካደረች፣ ጠዋት የሚነሣው ሰው እሷ እንደማትሆን አወቀች።

«አልተኛም» አለች። «የትርፉ ሣጥን የት አለ?»

ኦዴል በአገጩ ወደ ጥግ አመለከተ። ሸክም የከበደው እዚያ ይጥላል፣ የጎደለው ከዚያ ያነሣል፤ ማን ጣለ ማን ወሰደ ተብሎ አይጠየቅም። ችግሩ ሌላ ነው። ተጓዥ ክብደት ልቀንስ ብሎ የምግቡን ማሸጊያ ቀዶ ይጥልና ዱቄቱን በላስቲክ ይቋጥራል፤ ምን እንደሆነ መጻፉን ይረሳዋል። የሣጥኑ ግማሽ ስም በሌለው ዱቄት ተሞልቶ ወራት ይከርማል፤ የሚደፍረው የለም።

ዊልዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ለአራት መቶ ተማሪ ምሳ ያበሰለች ሴት ናት። የመጀመሪያውን ላስቲክ ፈታች፣ በሁለት ጣቷ ፈተገች፣ አሸተተች፣ በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገች።

«የወተት ዱቄት።» ወደ ቀኝ አኖረችው። «ድንች፤ ጨው ያልነካው። ይኼ በቆሎ ነው፤ ቆይቷል እንጂ አልነቀዘም። ይኼ ደግሞ...» እንትፍ አለች። «የልብስ ሳሙና!»

ኦዴል ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ባለፈው ሳምንት አንዱ ጎረምሳ ከሱ ገንፎ ሊሠራ ነበር!»

«ሠርቶ ቢሆን አንጀቱ በጸዳለት ነበር።»

በረንዳው ሁሉ ሳቀ። አንዱ እያነከሰ መጥቶ የራሱን ላስቲክ ዘረጋላት፤ ሌላው ተከተለ። አጃ፣ አተር፣ የእንቁላል ዱቄት። እሷ የጠራችውን ስም በየላስቲኩ ላይ እየጻፉ ወሰዱ፤ የእሷም ቦርሳ ሞላ። ሮንዳ ከበሩ ሥር ቆማ ታያለች።

«እናትሽ ናት?» አላት አንዱ።

«አዎ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

ዊልዳ ቦርሳዋን ማሰር ስትጀምር ሮንዳ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ብትሞችስ፣ እማ?»

ዊልዳ ማሰሪያውን በዝግታ አጠበቀች። «እሞታለሁማ። ቤት ብቀመጥ የምቀር መሰለሽ? ሠላሳ አንድ ዓመት ደወል ሲደወል ተነሣሁ፣ ደወል ሲደወል ተቀመጥሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ደወል አትሁኚብኝ።»

ሮንዳ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። «እሺ፣ እስከ ጫካው ላድርስሽ» ብቻ አለች።

ከከተማዋ መውጫ ያለውን ድልድይ ተሻግራ፣ መንገዱ ጫካ ከሚገባበት ላይ መኪናዋን አቆመች። ዊልዳ ወርዳ ቦርሳዋን አዘለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ድልድዩ መለሰች።

«ወዴት ነው? ጫካው በዚህ ነው እኮ!»

«ከተማ ስገባ መንገዱን የለቀቅሁት ከወዲያ ማዶ ነው። ድልድዩን በመኪና ነው ያሻገርሽኝ፤ አልረገጥሁትም።»

«መቶ እርምጃ አይሞላም!»

«መቶ እርምጃም መንገድ ነው።»

እያነከሰች ተሻገረች። ማዶ ካለው ምሰሶ ላይ የመንገዱን ነጭ ምልክት በመዳፏ ነካች፣ ዞረች፣ ያንኑ ድልድይ በእግሯ መልሳ መጣች። በመኪናው መስኮት ስታልፍ አልቆመችም።

«ቀጣዩ ካርቶን የሚላከው ግሌን ክሪክ ከተማ ነው፤ በስምንተኛው ቀን እደርሳለሁ። ከላክሽ እሰየው። ካልላክሽም ሣጥን አላጣም።»

ጫካው ተቀበላት፣ ዳገቱም ወዲያው ጀመረ። እየወጣች የሞተሩ ድምፅ እስኪነሣ ጠበቀች፤ አልተነሣም። ይልቅ የመኪናው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማች፤ ቀጥሎም ጠጠር የሚረግጥ ጫማ። ዊልዳ ዞራ አላየችም፤ እርምጃዋንም አላዘገየችም። ፊቷ ላይ የመጣውን ቅርንጫፍ ገፋ አድርጋ ስታልፍ ግን፣ ከኋላ የምትመጣውን እንዳይገርፍ ቶሎ አልለቀቀችውም።