የአድማሴ ግቢ ለቅሶ

ጃንሆይ ከዙፋን በወረዱ በወሩ፣ ረሃቡ ግን ገና ከወሎ ጫንቃ ሳይወርድ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ከሩቂያ ምግብ ቤት ሽሮ ወጥ ላይ ማተብ ተገኘ። ያገኘው ካሳ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጥቁሯን ክር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣

«እትዬ ሩቂያ፣ ወጡን ክርስትና ያስነሡት መቼ ነው? ለድግሱስ ምነው ሳይጠሩኝ?» አለ።

ቤቱ በሳቅ አወካ።

«ወላሂ፣ አንተን ያጠመቀው ቄስ ውሃ ነው ያባከነው» አለች ሩቂያ። «የእኔ ሽሮ ቢያንስ ይበላል!»

ሩቂያ ምላሷ ከወጧ ይልቅ ያቃጥላል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ክሯን ተቀብላ ወደ ጓዳ ስትገባ ግን ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ክሩ በጥርስ ተቆርጧል። ከክርስቲያን ጋር ተጎራብታ ነው ያረጀችው፤ ማተቡን በገዛ ጥርሱ የሚቆርጥ ሰው እንደማይኖር ታውቃለች። ሽሮውን ያስፈጨችው ራሷ ናት። ከውጭ የምትገዛው በርበሬውን ብቻ ነው፤ ያም ከአቶ አድማሴ።

አድማሴ ከአምና ጀምሮ ተወቅጦ የተነፋ በርበሬ፣ ሌላው ነጋዴ ዛላውን ከሚሸጥበት ዋጋ አሳንሶ ይሸጥ ነበር። እንዴት እንደሚያዋጣው የጠየቀው የለም። ሩቂያም አልጠየቀችም፤ ርካሽ ዕቃ ጥያቄ አይወድም። ደግሞም ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ ከወግዲ በኩል የመጡ ሴቶችን ግቢው አስጠግቷል ተብሎ «ጻድቁ አድማሴ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

በማግስቱ «በርበሬህ ክር አለበት» ልትለው ሄደች። ሱቁ ለምሳ ተዘግቷል። በጓሮው አጥር ዞር ስትል የዘነዘና ድምፅ ሰማች፤ ወዲያው ማስነጠስ ተከተለ።

«ይማርሽ!» አለች ከልማድ።

ዘነዘናው ሁሉ ቀጥ አለ። ከካቡ ወዲያ አንዲት ሴት፣ «ይማርሽ የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለች።

«ማነሽ አንቺ?»

«አልታየች እባላለሁ።»

«ኧረ መቼ ታየሽና!»

አልታየች በድንጋዮቹ ቀዳዳ አፏን አስጠግታ ነገረቻት። ከወግዲ አምስት ሆነው ነው የመጡት። ክረምቱ ሲገባ አገራችን እንግባ ቢሉት «የበላችሁትን ሠርታችሁ ሳትጨርሱ የት?» አላቸው። ልብሳቸውን ገፎ ጆንያ አለበሳቸው፤ የጓሮውን በር ከውጭ ቆለፈው። የበርበሬው ብናኝ ፈንታዬ የምትባለውን ጓደኛቸውን እያሳላት ከረመ። በነሐሴ ሞተች።

«ጎረቤት ይሰማል ብሎ ማልቀስ ከለከለን» አለች አልታየች። «ማተቤን ቆርጬ በርበሬው ውስጥ የጣልሁት እኔ ነኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰው ዓይን ባይኖረው ጥርስ አያጣም ብዬ።»

ሩቂያ በቀጥታ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄደች። አንድ ጸሐፊ አዳመጣትና መንግሥት በመለወጡ ማህተሙ የማን እንደሆነ ገና እንዳልታወቀ፣ ለሁሉም አጣሪ ኮሚቴ እንደሚቋቋም ነገራት።

«ኮሚቴው እስኪወለድ እነሱ ያልቃሉ» ብላው ወጣች። ያመራችው ጠጅ ነጋዴዋ በለጡ ዘንድ ነው። ሃያ ዓመት ሲሰዳደቡ የኖሩ ወዳጆች ናቸው፤ አገሩ ላይ እንደ በለጡ ሙሾ የሚያወርድ የለም።

«በለጡ፣ ለቅሶ አለብን።»

«የማን?»

ሩቂያ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻትና፣ «ሹም በር ይዘጋበታል። ለቀስተኛን ግን ማን ይመልሳል?» አለች። «ለሴቶቹ ሁሉ ንገሪ፤ ሁለት ሁለት ነጠላ ደርበው ይምጡ።»

ቅዳሜ ማለዳ፣ ገበያው ሳይሞቅ፣ መካነ ሰላም እየጮኸች የአድማሴን በር ሞላች። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። አድማሴ ዋናውን በር ከፍቶ በእጀ ጠባብ ብቅ አለ።

«ማን ሞቶብኝ ነው? ኧረ ማን ሞቶ ነው?»

ከሴቶቹ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ለቅሶ ላይ ቆሞ «ማን ሞተ?» የሚል ባለጌ ስለሌለ ሁሉም ጩኸቱን ጨመረ። ካሳ «ያጥናህ ጋሼ!» እያለ አንገቱ ላይ ተጠመጠመና አልለቅ አለ። በለጡ እያለቀሰች ከወገቡ ቁልፉን ፈታች።

ያን ጊዜ ሩቂያ ድንጋይ ላይ ወጣች። «የሞተችው ፈንታዬ ትባላለች! በነሐሴ፣ እዚህ ጓሮ፣ የምንበላውን በርበሬ ስትወቅጥልን። እስከ ዛሬ ያለቀሰላት የለም!»

በለጡ ቁልፉን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። የጓሮው በር ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ቀይ ብናኝ ነው፤ ለቀስተኛው በሙሉ አስነጠሰው፣ ዓይኑ አለቀሰ። ከዚያ አራት ሴቶች በጆንያ ወጡ። የተደረበው ነጠላ ተገፎ ለበሱት። አልታየች ግን መሬት ላይ ተቀምጣ «ፈንታዬ! ፈንታዬ!» ስትል፣ ለወሬ የመጣው ሁሉ አንድ ባንድ አጠገቧ ተቀመጠ።

አድማሴን ማንም አላሰረውም። በርበሬው ግን ገዢ አጣና በጆንያ እንዳለ ነቀዘ። ኮሚቴው ዘግይቶ ሲቋቋም አባል ለመሆን አመልክቶ ነበር ይባላል።

ሁለቱ ሴቶች ወግዲ ተመለሱ። አልታየችና ሌላዋ ሩቂያ ጓሮ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ በወር ደመወዝ በርበሬ መውቀጥ ጀመሩ። ሽሮው ተወደደ፤ ካሳም በየምሳው ያማርራል። ሩቂያ ከዚያ ወዲህ ማን እንደሠራው ሳታይ ዕቃ አትገዛም፤ ቅቤ ሻጭ ሲመጣባት እንኳ «አላቢዋን አምጣና እንነጋገራለን» ትላለች።

አንድ ቀን በርበሬ ሲነፉ አልታየች ጠየቀቻት፤ «እትዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ርካሽነቱ አልገረመዎትም?»

ሩቂያ ወንፊቱን ጥቂት ከነቀነቀች በኋላ፣

«ገርሞኝ ነበር» አለች። «ደስ እያለኝ።»