ከበሩ ጀርባ የጻፍኩት ቀን

«እማዬ፣ ጁማና ቀኑን የነገረችሽ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ?»

ልጄ ብሩክታይት ይህን ስትጠይቀኝ መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ለማለት አፍሬ «ያለችኝን ነው የጻፍኩት» አልኳት።

ከበሩ ጀርባ በጠመኔ «ጥቅምት 15» ብዬ ጽፌ ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለሰው የሚያስፈልግ ነገር ስጽፍ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው። ብሩክታይት አይታው ሳቀች። «ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊዬ ነሽ» አለችኝ።

ቢቸና ኢንተርኔት ከተቋረጠ ቆይቷል። የልጄም ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ተዘጋ። ጓደኛዋ ጁማና ያለችው ሞጣ ነው፤ እዚያ አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ይገኛል። ጁማና ውጭ አገር በትልቅ ቴሌስኮፕ የተነሡ የሰማይ ፎቶዎችን እያወረደች በፍላሽ ትልካለች፤ የአውቶቡሱ ሾፌር ደምለው ያመጣልናል።

ፎቶዎቹ ከአንድ ቦታ በየጥቂት ደቂቃው የተነሡ አራት አራት ናቸው። በልጄ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለው ፕሮግራም አራቱን እያፈራረቀ ያሳያል። ከዋክብቱ ባሉበት ይቆማሉ። በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ድንጋይ፣ እነሱ አስትሮይድ የሚሉት፣ ካለ ግን የእሱ ነጥብ ብቻ ከፎቶ ወደ ፎቶ ፈቀቅ ይላል። ያገኘውን ቀኑ ሳያልፍ የላከ ተማሪ አዲስ አበባ ለሥልጠና ይጠራል። ለልጄ ከዚህ የምትወጣበት ሌላ መንገድ አይታየኝም ነበር።

ጁማና የደወለች ቀን ብሩክታይት ወፍጮ ቤት ነበረች። «እትዬ ይርጋነሽ፣ መላኪያው የሚዘጋው ኦክቶበር 15 ነው፤ ይጻፉላት» አለችኝ። መምህራችን የፈረንጅ ወሮችን ሲያስጠኑን ኦክቶበር ጥቅምት ነው ብለውናል። ኮርቼ ጻፍኩት። በማግስቱ የስልኩም መስመር ተቋረጠ።

አንድ ቀን ከሰዓት ብሩክታይት ዐይኗ ደክሞ እኔን ጠራችኝ። ለረጅም ጊዜ አየሁ። ከታች በቀኝ በኩል አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ነበረች።

«ይቺ ትሄዳለች» አልኳት።

ብሩክታይት ተጠግታ አየች፤ ለካች፤ ደግማ ለካች። አራቱም ፎቶ ላይ አለች፤ እርምጃዋም እኩል ነው። «ምስር ስትለቅሚ የኖርሽው ለዚህ ነው» አለችና ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። ያን ቀን የእኔም እጅ ያለበት መሰለኝ።

ሳትሳሳት ለመላክ ፎቶዎቹን ሁሉ እንደገና ማየት ጀመረች። ቀን አለኝ ትላለች። እኔ ግን በበሩ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ጽሑፉን እያየሁ ጥያቄዋን አስታውሳለሁ። መምህሩን መጠየቅ እችል ነበር። የሚሉኝን ፈርቼ አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 10 ያገኘችውን በፍላሹ ጭና ጁማና እንድትልክላት ለደምለው ሰጠችው። ጥቅምት 12 ስልክ ተመለሰና ጁማና ደወለች። መላኪያው ከተዘጋ ሳምንት ሆኖታል፤ ኦክቶበር 15 ማለት የእኛ ጥቅምት 5 ነው። ልታስታውሳት ደጋግማ ብትደውልም መስመሩ አልገባላትም። ያቺን ነጥብም ሌላ አገር ያሉ ልጆች ቀድመው ልከዋታል።

ብሩክታይት ስልኩን ዘግታ ወደ በሩ ዞረች።

«ኦክቶበር ነው ያለችሽ?»

«አዎ።»

ጽሑፉን ብዙ ቆማ አየችው። «ፊደሉ ልክ ነው» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጠመኔውን አላጠፋችውም፤ እኔም አላጠፋሁትም። ላፕቶፑን ከዚያ ወዲህ ስትከፍተው አላየኋትም።

ኅዳር ላይ የሞጣው አውቶቡስ መናኸሪያ ሲቆም ለሥልጠናው የተጠራችው ጁማና ሻንጣዋን እላዩ ላይ ትታ ወረደች። ብሩክታይትን አቅፋ ፍላሹን በእጇ አስያዘቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መንገር ነበረብኝ» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልነግራት ጉንጯን ሳምኳት። ደምለው ጡሩንባ ነፋ።

ጁማና በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ የዓባይን ድልድይ ተሻገረች። ብሩክታይት ቢቸና ቀረች።