በሁለት ሰዓቶች የተነሣችው መርከብ

ከምጽዋ የተነሣችው የጥበቃ መርከብ ዳህላክ ስትደርስ ራሷን ወደቡ ላይ ታስራ አገኘች። ቁጥሩ ያው ነው። ባለፈው ወር የጠላት ጥይት ቀኝ ጎኗን የበሳበት ቀዳዳም በቦታው አለ። መርከበኞቿ ምሳ በልተው ሳህን ያጥባሉ።

አዛዡ ሌተናንት ወሰንየለህ መነጽራቸውን አወረዱ።

«ማናት?»

«እኛ ነን፣ ጓድ አዛዥ» አለ ምናሴ።

ምናሴ ባሕር ኃይል ከገባ ሰባት ወሩ ነው። የመርከቧን መዝገብ የሚጽፈው እሱ ነበርና ገልጦ አየ፤ የመነሻ ሰዓት 03:00 ይላል። የተነሡት ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ባሕር ኃይል የሚሠራው ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 09:00 ብሎ መጻፍ ነበረበት። እሱ እናቱ ቤት እንደሚቆጠረው ቆጠረ። በዚህ ምክንያት መርከቧ አንዴ እንደተጻፈው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዴ እንደሆነው ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ሁለቴ ተነሣች።

«አንተ ልጅ፣ ምሳችንን አስበላኸው!» አለ መካኒኩ ደበሌ።

«የበላነው እኛው ነን እኮ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ይርበኛል?»

ከወደቡ በሬዲዮ ትእዛዝ መጣ። ጊዜው የጦርነት ስለሆነ አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት መርከቦች አይፈቀዱም። በሩብ ሰዓት ውስጥ አንዷ ካልተሰረዘች መድፉ ሁለቱንም ይመታል።

«ሰርዛት» አሉ አዛዡ።

በደንቡ መሠረት ስሕተት አይፋቅም፤ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ይሰመርበታል። ምናሴ እስክሪብቶውን አነሣ፣ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አመሳከረ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ስሕተቱ የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ጓድ። መዝገቡ ላይ ያሉት እነሱ ናቸው። እኛ የትም አልተጻፍንም።»

አዛዡ መነጽሩን ሰጡት። ማዶ ሌላው ምናሴ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ጥርጣሬ አይታይም።

«እሱስ እርግጠኛ ነው?»

«ነው። ስድስት ሰዓት አስቦበታል።»

ወዲያው ከራሳቸው መርከብ አፍንጫ ቀጭን ቀይ መስመር ተነሣ። በደረት ከፍታ ቀጥ ብሎ መጣ፤ የደበሌን ሸሚዝ አቋርጦ አዛዡ ጋ ደረሰ። ደበሌ ስለ ረሃቡ ማውራት አቆመ።

«አሰማመርህ ንጹሕ ነው» አሉ አዛዡ መስመሩ ያቋረጠውን የሸሚዝ ቁልፋቸውን እያዩ።

መስመሩ ምናሴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ማዶ ያለው ምናሴ ማስመሪያውን እያስተካከለ ነበር።