የተጣለው ግማሽ

"ይኸው ቁልፉ" አሉ የፓምፑ ጠባቂ፣ ፕሮግራመሯ ልጅ ገና በሩን ሳታልፍ። "ቁጠሪው። አራት ነው፤ አንድም አልጎደለም።"

"ኧረ አባባ፣ ቁልፍ ልረከብ አይደለም የመጣሁት።" ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አወጣች። "ይቺን ገመድ ልሰካ ነው።"

ሽማግሌው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ቁጭ አሉ። ከዋናው ቢሮ የመጣ ሁሉ ሊያባርራቸው የመጣ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። ባለፈው ሳምንት የውሃ ጋኑ ሞልቶ ፈስሶ መጋዘኑን አጥለቅልቆታል። የቴክኒክ ኃላፊው ለዲሲፕሊን ኮሚቴው የጻፈው ደብዳቤ አጭር ነበር፦ የጋኑ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ልኳል፤ ስለዚህ ደወሉ ደውሏል፤ ስለዚህ ጠባቂው ተኝቷል። ኮሚቴው ዛሬ ከሰዓት ይወስናል።

"ዓይኔን አልከደንኩም፣ ልጄ። ደወሉ ነው የተኛው።"

ገመዱን መቆጣጠሪያው ላይ ሰካች። መቆጣጠሪያው የሚልካቸው ቁጥሮች በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ያለ ፋታ ይወርዱ ጀመር። እያንዳንዱ መልእክት በመነሻ ምልክት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ርዝመቱ፣ ከዚያ ይዘቱ ይመጣል። መስመሩ ግን ለዚህ ደንታ የለውም፤ አንዴ ግማሽ መልእክት፣ አንዴ ሩብ፣ እንዳገኘው ያወርዳል። መልእክቱን ተቀብሎ ደወሉን የሚያስጮኸው፣ ሲ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም ደግሞ ባነበበ ቁጥር ሙሉ መልእክት የሚያገኝ ይመስለዋል። ጎዶሎ ከሆነበት ይጥለዋል። ቀሪው ግማሽ ሲደርስ መነሻ ምልክት የለውምና እሱንም ይጥለዋል። አጫጭሮቹ ብዙ ጊዜ ሳይቆረጡ ያልፋሉ። ከሁሉም ረጅሙ ማስጠንቀቂያው ነው፤ ስለዚህ አብዝቶ የሚቆረጠውም እሱ ነው።

"አባባ፣ ጋኑ ሲሞላ ማስጠንቀቂያውን የሚያስነሳውን ተንሳፋፊ ኳስ እስኪ በእጅዎ ከፍ ያድርጉልኝ።"

ጋኑ ላይ ወጥተው ሦስት ጊዜ ከፍ አድርገውት ተመለሱ። ማስጠንቀቂያው ሦስቴም ተልኳል። ደወሉ የጮኸው አንዴ ብቻ ነው።

ያገኘችውን ስታስረዳቸው ሽማግሌው የተረኛ መዝገባቸውን ገለጡ። "እየጻፍኩ ሰዓቴ ቢደርስ፣ የሚተካኝ ሰው ካቆምኩበት ይቀጥላል። የሰው ግማሽ መስመር ቀዶ የሚጥል ምን ዓይነቱ ነው?"

"ኃላፊው" አለች። "ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ ነው።"

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ከፊታቸው ጠፋ። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ!"

ማረሚያው ሃያ መስመር አልሞላም። ጎዶሎው የሚቆይበት ቦታ አበጀች፤ ቀሪው ሲመጣ ይቀጠልበታል፤ ርዝመቱ ሲሞላ ብቻ ይነበባል። ሃያ መስመር! ለዚህ ነው እኚህ ሰው የሃያ ስድስት ዓመት ሥራቸውን በአራት ቁልፍ ሊያስረክቡ የተቀመጡት። ኃላፊው ጋ ደወለች።

"ጎበዝ!" አላት። "በይ ዝም ብለሽ ጫኚው።"

"የጠባቂው ደብዳቤስ?"

"እሱ ወጥቷል፤ አንቺን አይመለከትም። ምነው፣ ዘመድሽ ነው እንዴ?"

"አይደሉም።"

"እንግዲያው ነገር አታራግቢ። ስብሰባ ላይ ትንፍሽ የማትይ ልጅ ዛሬ ምን ነካሽ?"

ስልኩ ተዘጋ። ሽማግሌው ምንም እንዳልሰሙ ሆነው መዝገባቸውን ያገላብጣሉ።

ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበች። ማሻሻያውን ጫነችና አብሮት በሚመዘገበው የለውጥ መግለጫ ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ "ፕሮግራሙ ተቆርጠው የሚደርሱ መልእክቶችን ሲጥል ኖሯል። ዛሬ ከተላኩት ሦስት ማስጠንቀቂያዎች ሁለቱን ጥሏል። ደወሉ ላለመደወሉ ጠባቂው ተጠያቂ አይደሉም።" ከሥሩ ስሟን አኖረች። ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ላከችው፤ ግልባጩን ለኃላፊው።

ከዚያ ቁልፎቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ለሽማግሌው ዘረጋች።

"ቆጥረው ይረከቡኝ።"

ሽማግሌው አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ አራት ነበር። ኪሳቸው ከተቱትና የእኩለ ቀኑን የውሃ ልክ ሊያዩ ወደ ጋኑ ወጡ።