ባለ ፎቅ አልጋ ለነፍሰ ጡር

አልጋዎቹ ከሞጣ በአይሱዙ ተጭነው ሲመጡ ገና ሳይወርዱ ነው ምን እንደሆኑ ያወቅሁት። የመጀመሪያ ልጄን ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ላደርስ ሄጄ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ያየኋቸው ዓይነት ነበሩ። አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ፣ ከጎኑ የብረት መሰላል ያለው፣ ለጎረምሳ የተሠራ አልጋ። የእኛ ቀበሌ የገዛቸው ግን ለጎረምሳ አልነበረም። ቀናቸው ለደረሰ ነፍሰ ጡሮች ነበር።

ሊቀ መንበራችን አያ ታዘበው ከጋቢናው ሲወርድ ሰው አጨበጨበለት። እኛ አገር ከመኪና ለሚወርድ ነገር ሁሉ ይጨበጨባል፤ ማዳበሪያም ይሁን ባለሥልጣን።

ቤቱ የእናቶች ማቆያ ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞና ጭቃ ረግጦ ያቆመው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ከሩቅ ጎጥ ያለች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ እዚያ ትሰነብታለች፤ ምጥ ሲጀምራት አዋላጇ ሲስተር አጠገቧ ናት። ሐሳቡ መልካም ነበር። መልካም የሆነው ደግሞ የእኛ ሰዎች ስላላሰቡት ነው።

ሁለተኛዋ ልጄ እፀገነት ያገባችው ከወንዙ ማዶ ነው። ክረምት ሲገባ ያ ወንዝ ሰው አያሻግርም። አምና በነሐሴ ወለተ ኢየሱስ የምትባል ጎረቤቷ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወንዙ ዳር አደረሷት፤ ውኃው እስኪጎድል ሲጠብቁ እዚያው ሣሩ ላይ አለፈች። እፀገነት ዘንድሮ የመጀመሪያዋን አረገዘች፤ ቀኗም በሰኔ መጨረሻ ሆነ። እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ የሚመስለኝ ሴት ነኝ። ያ ቤት ቶሎ እንዲያልቅ የእኔን ያህል የተመኘ ሰው በቀበሌው ውስጥ አልነበረም።

የግዥ ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፣ አራቱ ወንዶች። አምስተኛዋ እኔ ነኝ። መመሪያው ሴት ይኑርበት ስለሚልና እኔም ቢቸና አሥራ ሁለተኛን ስለጨረስሁ፣ ሴትም የተማረም በአንድ ሰው ተገላገሉ። አልጋው በተወሰነበት ቀን ግን ለጉልበት ሥራ ለወጣው ሕዝብ ቆሎና ጠላ እንዳሰናዳ አዘዙኝ። ስመለስ ውሳኔው አልቋል። በጀቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፣ ካልተሠራበት ተመላሽ ነው፣ ስለዚህ አንቺን መጠበቅ አልቻልንም አሉኝ። የነበርሁት ከቢሮው ጀርባ ካለው ግራር ሥር ነው። በመስኮት ቢጣሩ እሰማቸው ነበር።

ለምን ይህን ዓይነት እንደመረጡ የኮሚቴው ጸሐፊ ሽታሁን አልጋዎቹ ሲወርዱ አስረዳኝ። ሽታሁን ለሁሉም ነገር ማብራሪያ ያለው ወጣት ነው። ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ሰብስበዋል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፣ ተደራራቢው ለአንድ ሰው ሲሰላ ከሁሉም አነሰ። በሦስት አልጋ ስድስት እናት ትተኛለች፣ ክፍሉም ይሰፋል። ሞክራችሁታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እንዴታ፣ ሞጣ ሱቁ ውስጥ አራታችንም ተራ በተራ ተኝተን ሞክረነዋል፣ በጣም ምቹ ነው አለ። የትኛው ላይ እንደተኙ ጠየቅሁት።

«ታችኛው ላይ ነዋ፣ እትየ ፋንታነሽ» አለኝ። «ላይኛውማ ያው ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ከተተከሉ በኋላ ገብቼ አንዱን በእጄ ነቀነቅሁት። ተወዛወዘ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ላይኛው ከታችኛው ጋር የተያያዘው በብሎን ሳይሆን በሽቦ ነው። ነጋዴው ብሎን የሚሸጠው ለብቻው ነው አሉኝ፤ ፕሮፎርማው ላይ ደግሞ ብሎን የሚል አልተጻፈም፤ ያልተጻፈ ነገር መግዛት የመንግሥትን ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ ምናለ የሚባለው የኮሚቴው አባል ከጤና ጣቢያው አጥር ሽቦ ፈትቶ አሰረው። ለብሎን የሚወጣውን ገንዘብ አዳንን ብለው ደስ ብሏቸዋል። አጥሩ በተከፈተበት በኩል ከብት እየገባ የሲስተሯን ጎመን ይበላል።

አያ ታዘበው ዘንድ ሄድሁ። ከቢቸና በያጅ ይምጣና ቋሚዎቹን ቆርጦ ለላይኞቹ እግር ያውጣላቸው፣ ስድስት ዝቅ ያሉ አልጋዎች ይወጣቸዋል፣ የበያጁን እኔ እከፍላለሁ አልሁት። ያልተመረቀ ንብረት መቁረጥ ያስጠይቃል አለኝ። ነፍሰ ጡር መሰላል እንዴት ትወጣለች ስለው፣ የገጠር ሴት ተራራ ስትወጣ የኖረች ናት አለ። ሚስቱን ቢቸና ላይ ቤት ተከራይቶላት፣ ወልዳ እስክትነሣ እዚያ እንዳስቀመጣት ሁላችንም እናውቃለን። ከወደቀችሳ አልሁት።

«አንቺ ሠርግ ቤት ስትገቢም ድንኳኑ ይወድቃል ብለሽ ነው የምትቀመጪው» አለኝ። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሳቁ።

«የተከላችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ አዎ» አልሁት።

ሲስተር ምሥራቅ ከወሎ ተመድባ የመጣች አዋላጅ ናት፤ ብዙ አትናገርም። እስከዚያው ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፈን እናስተኛቸው አለች። ኮሚቴው ይህንንም አልፈቀደም። ሴቶቹ መሬት ላይ ተኝተው እንግዳ ቢያያቸው ቀበሌው ይዋረዳል ተባለ።

ምረቃው በዝናብ ቀን ዋለ። ወንዙ ሳይሞላ እፀገነትን ቀደም ብዬ አሻግሬያት ነበርና ታችኛው አልጋ ላይ ናት። በዚያ ጠዋት ሌሎች ሦስት ነፍሰ ጡሮች መጡ። አራት ሴት፣ ሦስት ታችኛ አልጋ። ከወረዳ የመጣው እንግዳ ጃንጥላ ተይዞለት ሪባኑን ቆረጠና ገባ። ከኋላው አንድ ወጣት በስልኩ ፎቶ ያነሣል። አያ ታዘበው ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና ፎቁ ባዶ ሆኖ ፎቶ መነሣት የለበትም አለ። የገዛነው ለሁለት ሰው ነው፣ አንዷ ትውጣ። ከአራቱ እፀገነትን መረጠ፣ ቀጭን ስለሆነች።

«የኮሚቴ ልጅ ናት፣ አርአያ ትሁን» አለ።

ልጄ ትልልቅ ሰዎች ፊት እምቢ ማለት አታውቅም። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እንዲያ ነው ያሳደግኋት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን መሰላሉ ላይ አደረገች። ሆዷ ወደ መሰላሉ ስላላስጠጋት ወደ ጎን ዞረች። በአንድ እጇ ብረቱን፣ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛለች። ሁለተኛውን እግሯን ስታነሣ ቀሚሷን ያዝሁት።

«ውረጅ» አልኋት። «መጀመሪያ የገዛው ይውጣ።»

አያ ታዘበው ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ወደ እንግዳው ዞርሁና ነገሩን በዝግታ ነገርሁት። የግዥ ኮሚቴ አባል ነኝ፤ ሞጣ ላይ የተሞከረው ታችኛው ብቻ ነው፤ ላይኛው በሰው ሳይሞከር ርክክቡ ላይ አልፈርምም አልሁት። እንግዳው የምሳ ሰዓቱ አልፎበት ነበር። የበጉ ሽታ ከውጭ ይገባል።

«እውነቷን ነው፣ አቶ ታዘበው» አለ። «ይውጡና ያሳዩን፣ እንጨርስ።»

ከሥር የተኛችውን ሴት እጇን ይዤ አስነሣኋትና ከልጄ ጋር ግድግዳው ጋ አቆምኋቸው። አያ ታዘበው ኮቱን አውልቆ ለሽታሁን ሰጠው። የእሱ ሆድ ከእፀገነት ሆድ ብዙ አያንስም፤ የተሠራው ግን በዘጠኝ ወር አይደለም። እያለከለከ ወጣ። ላይ ሲደርስ ዞሮ ተቀመጠና አየሽ አይደል በሚል ዓይን አየኝ። ወጣቱ ስልኩን ከፍ አደረገ። ያኔ ሽቦው ተፈታ። አልጋው መጀመሪያ ወደ ግራ ዘመመ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ላይኛው ከነፍራሹ ከነሊቀ መንበሩ ታችኛው ላይ ወረደ። እሱ ተንከባሎ መሬት ላይ ቀረ። የተጎዳው የእጁ አንጓ ነው። ጩኸቱን የሰሙት አራቱ ነፍሰ ጡሮች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እርስ በርስ ተያዩ።

ሲስተር ምሥራቅ አየችውና ምናልባት ስንጥቅ ነው፣ ባጃጅም ያደርሰዋል፣ የጤና ጣቢያው አንድ አምቡላንስ ለእናቶች ትቆይ አለች። የሰማት የለም። በአምቡላንሷ ወደ ቢቸና ሆስፒታል ወሰዱት። ሽታሁን ኮቱን ይዞ፣ ምናለ ደግሞ ሽቦውን ያሰረው እሱ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ አብረውት ሄዱ። የምሳው ፕሮግራም አልተሰረዘም።

እንግዶቹ በልተው ሳይነሡ የእፀገነት ምጥ መጣ። ቀኗ እንደሆነ እኔ ከጠዋት ጀምሮ አውቄዋለሁ። ልጅቱ ቶሎ ተወለደች፣ ሴት፣ ድምፅዋ ደህና። ከዚያ ግን ደሙ አልቆም አለ። ሲስተር ምሥራቅ መርፌ ወጋቻትና ሆዷን ትጫን ጀመር። የሲስተሯ ፊት ሲለወጥ አየሁ። መኪናውን ጥሪ አለችኝ።

ሽታሁን ጋ ደወልሁ። ልጄ እየደማች ነው፣ አምቡላንሷን ላካት አልሁት። ከአንድ ሰው ጋር ሲንሾካሾክ ሰማሁት።

«ትንሽ ትታገሥ» አለኝ። «ጋሼ ታዘበው ራጅ ገና አልተነሡም። መኪናው ከሄደ በምን ይመለሳሉ?»

ስልኩን ዘጋሁት። የዚያን ሰዓት የተሰማኝን ንዴት ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ በሚንቁት ሰው ላይ ንዴት ብዙ አይቆይም። ሲስተር ምሥራቅ መጫኗን አልተወችም። እኔ የልጄን እግር ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። ወለተ ኢየሱስ ሣሩ ላይ ተኝታ ትታየኛለች። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ስለሚጮህ ሲስተሯ ያለችውን መጀመሪያ አልሰማሁም። ጎንበስ ስል፣ ቆመ፣ ደሙ ቆመ አለችኝ። አምቡላንሷ የመጣችው ሕፃኗ ጡት ጠብታ ከተኛች በኋላ ነው። መጀመሪያ ሽታሁን ወረደ፣ ቀጥሎ አያ ታዘበው እጁ በጄሶ ታስሮ። ገብቶ ክፍሉን አየ። እፀገነት የተኛችበትን ፍራሽ አየና ማን ፈቅዶ መሬት ላይ እንዳወረደው ጠየቀ።

በሰኔ መዝጊያ ስብሰባ ላይ አያ ታዘበው ለእናቶች ጤና ሲሉ አካላቸውን የጎዱ መሪ ተብሎ ተመሰገነ። ተጨበጨበ። ከዚያ የሴቶች ድምፅ ይሰማ ተብሎ ዕድሉ ለእኔ ተሰጠ። አልጋው ካልተቆረጠ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ከመውጣቷ በፊት አሁን ካጨበጨቡት አንድ አንድ ሰው እየወጣ ይሞክርላት፤ እኔ ተራ አስይዛለሁ አልሁና ተቀመጥሁ። ለእኔ ያጨበጨበ የለም። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን በያጁ ከቢቸና መጣ።

አሁን አልጋዎቹ ስድስት ናቸው፣ ዝቅ ያሉ። የልጅ ልጄ ክርስትና ስትነሣ እናቷ በሁለት እግሯ ቆማ ነበር። ሦስቱ መሰላሎች የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ ተፈርሞባቸው መጋዘን ገቡ። ሁለቱ እዚያው አሉ። ሦስተኛውን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አያ ታዘበው ግቢ ውስጥ፣ የጭድ ክምሩ ላይ ተደግፎ አየሁት። የሚወጣበት ሠራተኛው ነው። እሱ ከታች ቆሞ ያዛል።